ከሥራ ሁሉ የከፋው የቱ ነው?

ነገሩ የተጀመረው በሰኔ ወር፣ ፈተናው አልቆ የተማሪው ልብ ከክፍል በወጣበት ሰሞን ነው። ጊዜ ለመሙላት ያህል አንድ ጥያቄ በሰሌዳው ላይ ጻፍኩ፦ «ሰው ለዕለት እንጀራው ሲል ከሚሠራቸው ሥራዎች ሁሉ የከፋው የቱ ነው?» ስማቸውን ሳይጽፉ በቁራጭ ወረቀት እንዲመልሱልኝ አዘዝኩ።

ወረቀቶቹን ማታ ቤቴ ገባሁና ዘረጋኋቸው። ቆዳ መፋቅ ያለ አለ። ሬሳ ማጠብ፣ የሽንት ቤት ጉድጓድ ማውጣት፣ ድንጋይ መፍለጥ፣ በሰው ቤት ተቀጥሮ ማገልገል፣ ቆላ ወርዶ ሰሊጥ ማጨድ፣ ዐረብ አገር ፍየል መጠበቅ ያሉም አሉ። ከሁሉም መካከል ግን አንዱ ወረቀት ሁለት ቃል ብቻ ነበረው፦ «የአባቴ ሥራ» ይላል። የአባቱ ሥራ ምን እንደሆነ አልጻፈም። ያን ሌሊት እንቅልፍ የነሳኝ ይህ ወረቀት ነው፤ ጽሑፌንም ያስጀመረኝ እርሱ ነው።

ሰቆጣንና ዙሪያዋን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። የዋግ ኽምራ አገር ገደሉና ቋጥኙ የበዛ፣ አፈሩ የሳሳ፣ ዝናቡ የማይታመን ነው። በሐምሌ 2007 ዓ.ም መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር በ2022 ዓ.ም ለማስቀረት የገባው ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተብሎ በዚህች ከተማ ስም የተጠራው ያለ ምክንያት አይደለም። እንዲህ ባለ አገር ሰው ሥራ የሚያማርጥበት ዕድል ጠባብ ነው። ሆኖም ስድቡ እንደሌላው አገር ሁሉ እዚህም ሞልቷል።

ድሮ ከተማይቱን ካስጠሯት ነገሮች አንዱ ጨው ነው። በአስራ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሰቆጣ የአሞሌ ጨው ትልቅ ገበያ ነበረች። ጨው ከአፋር በረሃ ተቆርጦ በትግራይ በኩል ወደዚህ ይደርሳል፤ ከዚህም ወደ ላስታ፣ ወደ በጌምድርና ወደ ጎጃም ይሻገራል። አሞሌ ያን ጊዜ ገንዘብም ነበር፤ ከምንጩ በራቀ ቁጥር ዋጋው እየከበደ ይሄዳል። ታዲያ ያ ገንዘብ የሚፈለፈለው የት ነው? ዳሎል አካባቢ፣ ከባሕር ወለል በታች 120 ሜትር ያህል ዝቅ ባለ ሜዳ ላይ። በ1950ዎቹ ውስጥ በተወሰደ ልኬት የቦታው የዓመት አማካይ ሙቀት 34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ ነበር። ይህ ቀኑም ሌሊቱም፣ ክረምቱም በጋውም ተደምሮ ሲካፈል ነው። አንዱ የጨውን ንጣፍ በመጥረቢያ ይሰነጥቃል፤ ሌሎች በእንጨት እየፈነቀሉ ያነሳሉ፤ ሌላው ቁጢጥ ብሎ አራት ማዕዘን አድርጎ ይጠርባል። ጨው የቁስል ጠላት እንደሆነ ማን ያጣዋል? የእነዚህ ሰዎች እጅና እግር ግን ከቁስል አይለይም። ጫኞቹ «አርሆ» ይባላሉ፤ ግመልና በቅሎ እየነዱ ቀናትን በእግራቸው ይጓዛሉ፤ ከሙቀቱ ለመሸሽ ብዙውን በሌሊት ነው። የመኪና መንገድ ከገባ ወዲህ ጉዞው አጥሯል፤ ጨው ቆራጩ ግን ያው በእጁ ነው።

ልብ በሉ፤ ከተማሪዎቼ መካከል ጨው መቁረጥን የከፋ ሥራ ብሎ የጻፈ የለም። የሚከብደን ድካሙ ቢሆን ኖሮ ከሁሉ ፊት ይህ ይጻፍ ነበር። የጻፉት ግን የሚያሰድበውን ነው።

ስድቡን ደግሞ እኛ ሙስሊሞች በደንብ እናውቀዋለን። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ሙስሊም ለረጅም ዘመን ርስት አይይዝም ነበር። መሬት የሌለው ሰው ምን ይሠራል? ይነግዳል፣ ይሸምናል። ነጋዴ ሲሆን «መጫኛ ነካሽ» ተባለ፤ ሸማኔ ሲሆን «ቁጢት በጣሽ» ተባለ። መሬት ነስቶ በመሬት አልባነት መስደብ ማለት ይህ ነው። የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም የገጠር መሬት አዋጅ ያንን ሥርዓት ሻረው፤ ስድቡን ግን አዋጅ አልሻረውም። ከዚያ ቀደም ብለው ዐፄ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም ሠራተኛን በሥራው የሚሰድበውን የሚገሥጽ አዋጅ አስነግረው ነበር። ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውን፣ ጸሐፊውንና አራሹን የሚያዋርድ ሰነፍ አገር እንዳያጠፋ ነበር የሠጉት። አዋጁ ከወጣ መቶ ዓመት አልፏል፤ የተማሪዬ ወረቀት ግን ጠረጴዛዬ ላይ አለ።

በዚህ ነገር እኛም ንጹሕ አይደለንም። ብረት ቀጥቃጩን «ጠይብ»፣ ሸክላ ሠሪዋን «ቡዳ» ብሎ ልጁን የሚያስፈራራ ሙስሊም ጎረቤት አላየንምን? ማረሻውን ከማን ገዝቶ ነው የሚያርሰው? በማን ምጣድስ ነው እንጀራው የሚጋገረው? ቁርኣን የሚቀራ ሰው ደግሞ አላህ (ሱ.ወ.) ብረትን ያለዘበለት ነቢይ ማን እንደሆነ ያውቃል፤ ነቢዩላህ ዳውድ (ዐ.ሰ.) ናቸው። ጥሩር ይሠሩ ነበር። ንጉሥ ሆነው ሳሉ ከእጃቸው ሥራ እንጂ እንደማይበሉ የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ.) ነግረውናል፤ ቡኻሪ ዘግበውታል። ነቢዩ ዘከሪያ (ዐ.ሰ.) እንጨት ጠራቢ ነበሩ። የእኛው ነቢይ (ሰ.ዐ.ወ.) ደግሞ ለመካ ሰዎች በጥቂት ሳንቲም በጎች ጠብቀዋል። እንግዲህ ብረት ቀጥቃጩን የሰደበ ሰው ስድቡ የት ድረስ እንደሚደርስ ያስብ።

አንዳንድ የተማረ አንባቢ «ይሁን እንጂ በሐዲስም የተነቀፈ ሥራ አለ» ብሎ ይሞግተኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ አለ። ዋግምት የሚያወጣ ሰው የሚያገኘው ክፍያ «ኸቢስ» ተብሎ የተነገረበት ሐዲስ በሙስሊም ተዘግቧል። መድረሳ ሳለሁ ይህ ነገር ግራ ያጋባኝ ነበር። ደም በአፉ ወይም በቀንድ ስቦ የሚያወጣ ሰው ሥራው ደስ እንደማይል ግልጽ ነው። ነገር ግን ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሌላ ሐዲስ ውስጥ የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ.) ራሳቸው አቡ ጠይባ በተባለ ሰው ዋግምት ተደርጎላቸዋል፤ በቁና ሰፍረውም ተምር እንዲሰጠው አዘዋል። ኢብኑ ዐባስም (ረ.ዐ.) ክፍያው ሐራም ቢሆን ኖሮ ባልሰጡት ነበር ብለዋል። ስለዚህ አብዛኞቹ ዑለማእ ቃሉን የተረዱት ዝቅ ያለ ገቢ መሆኑን ለመግለጽ እንጂ ሐራም ለማድረግ አይደለም ብለው ነው።

ኡስታዛችን ያኔ እዚህ ላይ ያቆሙ ነበር። እኔን ግን ከዚያ የሚቀጥለው ነገር ነው የያዘኝ። አቡ ጠይባ ባሪያ ነበር፤ በየዕለቱ ከሚያገኘው ላይ ለጌቶቹ የሚገብረው ነበረው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ክፍያውን ከሰጡት በኋላ ጌቶቹን አነጋግረው ያ ግብር እንዲቀነስለት አደረጉ። ዝቅ ያለ ነው የተባለውን ሥራ የሠራውን ሰው ደመወዙን ሰጡት፤ ከዚያም ሸክሙን አቃለሉለት። ሥራውን ጠልቶ ሠራተኛውን ማዋረድ ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ ከዚህ ሐዲስ ግን አልመጣም።

ከወረቀቶቹ መካከል «ሬሳ ማጠብ» የሚለው ብዙ ጊዜ ተደጋግሞ ነበር። ሙስሊም ልጅ ይህን ሲጽፍ ይገርማል፤ የሞተን ወንድም ማጠብ በሙስሊሙ ላይ ሁሉ የተጣለ፣ ጥቂቶች ሲፈጽሙት ከሌላው የሚወርድ ግዴታ (ፈርድ ኪፋያ) ነውና። ስለዚህ ነገር የሚጠየቅ ሰው በሰፈራችን አለ። ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ ሸማኔ ናቸው፤ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ጊዜ ከዋግ በእግራቸው ተነስተው ኮረም ከደረሱት አንዱ ናቸው። ኮረም በ1977 ዓ.ም መጀመሪያ ላይ ምን እንደነበረች ዓለም በቴሌቪዥን አይቷል። እርሳቸው በዚያ መጠለያ ሬሳ ሲያጥቡ ከርመዋል። አንድ ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። እግራቸው ከጉድጓዱ ውስጥ መርገጫውን ይረግጣል፤ እጃቸው መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ ይሰደዋል።

«አባባ፣ በዕድሜዎ ከሠሩት ሥራ ሁሉ የከፋው ኮረም የሠሩት ነው?» አልኳቸው።

«አይ ልጄ» አሉ፤ እጃቸው ሳይቆም። «እሱማ አጅር ያለው ነው። ውሃ በጠፋ ቀን በአፈር ተየሙም እናደርግላቸው ነበር። ከፈን አልቆ የራሴን ጋቢ ቀድጃለሁ። ሕፃን ሲሆን እጅህ ላይ አይከብድህም፤ የሚከብድህ ሌላ ነው። ግን እሱን ክፉ ሥራ አልለውም።»

«ታዲያ የቱ ነው?»

እዚህ ላይ መወርወሪያውን አስቀመጡት። «ከመሄዳችን በፊት ነው። ይህን ጋቢ ነበር፤ ያን ኋላ የቀደድኩትን። ሦስት ገበያ አወጣሁት። ማን ይግዛኝ? እህል ያለው እህሉን ይዟል፤ የሌለው ምን ሊሰጠኝ? ዋጋውን በግማሽ ጣልኩ፣ ኋላም ‘አንድ ቁና ሽንብራ ስጡኝና ውሰዱት’ አልኩ። ወደ ማታ ስመለስ ልጆቼ ፊቴን ሳይሆን እጄን ያዩ ነበር፤ ጋቢው ተመልሶ መጥቷል። ከዚያ የከፋ ሥራ አልሠራሁም።»

ይህን ስሰማ ትዝ ያለኝ በዩኒቨርሲቲ ያነበብኩት ነገር ነው። ሕንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት ጥናት ከዚያ የቀደመውን የወሎ ረሀብ፣ የ1965 እና የ1966 ዓ.ሙን፣ መርምረው ነበር። ረሀብ ሰውን የሚገድለው እህል ከአገር ስለጠፋ ብቻ ሳይሆን መግዣው ከሰው እጅ ስለጠፋም እንደሆነ አሳዩ። ገበሬው ሲቸገር መጀመሪያ የሚተወው ልብስ መግዛትን ነው። ስለዚህ ሸማኔውና ሌላው የእጅ ባለሙያ፣ የቀን ሠራተኛውና የቤት አገልጋዩ ማሳ ባይኖራቸውም በማሳው ድርቅ ይመታሉ። ሽማግሌው ያንን መጽሐፍ አላነበቡም፤ ሦስት ገበያ ወጥተው ግን ደርሰውበታል።

አሁን ወደ ወጣቶቻችን ልምጣ፤ የሚያሳስበኝ እዚህ ነውና። ከጥቂት ዓመታት በፊት ያስተማርኩት አንድ ልጅ ነበር። አሥረኛ ክፍልን ጨርሶ ሥራ አጣ። ከተማው ውስጥ የድንጋይ ንጣፍ ሥራ ሲከፈት «ግባ» ብንለው «አብረውኝ የተማሩት እያዩኝ ድንጋይ ልሸከም?» አለ። በነሐሴ ወር ሰው ሳያየው ወደ ሁመራ ወረደ። እዚያ የተሸከመው ከድንጋይ የከበደ ነበር።

ሰሊጥ ጊዜ አይሰጥም። ከመስከረም እስከ ጥቅምት ፍሬው እንደደረሰ ካልታጨደ ቋቱ ይፈነዳና ዘሩ መሬት ላይ ይቀራል። ስለዚህ ባለ እርሻው ይቸኩላል፤ ሠራተኛው ጎህ ሳይቀድ ጀምሮ ጎንበስ እንዳለ ይውላል። ሌሊት የሚተኛው ሜዳ ላይ፣ በግራሩ ሥር፣ ጥቁሩ መሬት በተሰነጣጠቀበት ነው። በዚያ ስንጥቅ ውስጥ ደግሞ ከትንኝ የምታንስ፣ ስትበር የማትሰማ የአሸዋ ዝንብ አለች። ካላዛር የሚባለውን በሽታ የምታስተላልፈው እርሷ ናት። በሽታው ቶሎ አይታወቅም። ሰውየው አገሩ ገብቶ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ትኩሳት ይይዘዋል፤ ይከሳል፣ ጣፊያው አብጦ ሆዱ ይገፋል። ካልታከመ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ይገድላል። በ1997 ዓ.ም በደቡብ ጎንደር በሊቦ ከምከም በሽታው ሲገባ መጀመሪያ መድኃኒት ያልበገረው ወባ ነው ተብሎ ነበር፤ ብዙ ሰው ካለቀ በኋላ ነው ካላዛር መሆኑ የታወቀው። ያመጡትም ከቆላ የተመለሱ የቀን ሠራተኞች ሳይሆኑ እንዳልቀረ ተገምቷል።

ተማሪዬም በታኅሣሥ ሲመለስ አላወቅሁትም። ሁለት ጊዜ የወባ ክኒን ወስዶ አልተሻለውም ነበር። «የት ነበርክ?» ብሎ የጠየቀው ባለሙያ እስኪገኝ ድረስ ሰነበተ፤ እርሱም ሁመራ መሄዱን አፍሮ ይደብቅ ነበር። ኀፍረት ሊገድለው ትንሽ ቀርቶት ነበር ማለት ነው። ለሳምንታት በየቀኑ መርፌ ተወግቶ አልሐምዱሊላህ ዳነ። ደመወዙን በተመለከተ ግን ባለ እርሻው የምግብ፣ የደላላና የመጓጓዣ እያለ ቆራርጦ ከተዋዋሉት ግማሹን እንኳ አልሰጠውም። ምስክር የለ፣ ወረቀት የለ።

ሠራተኛ ቀጥሮ ሥራውን በሙሉ ካሠራ በኋላ ደመወዙን የከለከለ ሰው በቂያማ ቀን ተከራካሪው አላህ ራሱ እንደሚሆን በሐዲሰል ቁድሲ ተነግሯል። ይህን ሐዲስ ለተማሪዬ ነገርኩት። «ኡስታዝ፣ እሱ እሺ፤ ለመርፌው የተበደርኩትን ግን ማን ይከፍልልኛል?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ስለዚህ ከዚያ ወዲህ ወደ ቆላ የሚወርድን ልጅ ሁሉ ይህን እለዋለሁ። ስትዋዋል ጻፍ፤ ባይጽፉልህ ሁለት ጓደኞችህን አስመስክር። ደመወዝ ዕዳ ነው፤ በሱረቱል በቀራህ ውስጥ ያለው የቁርኣን ረጅሙ አንቀጽም ዕዳን ስለመጻፍ የወረደ ነው። አጎበር ያዝ፤ ከተሰነጠቀ መሬትና ከዛፍ ሥር ርቀህ ተኛ። ከተመለስክ በኋላ ሁለት ሳምንት ያለፈ ትኩሳት ካለህ ለጤና ባለሙያው ከሁሉ በፊት «ቆላ ነበርኩ» በለው።

ስለ ዐረብ አገር ብዙ አልጽፍም፤ በየቤቱ የሚያውቀው አለ። በ2006 ዓ.ም ከሳዑዲ ዐረቢያ ብቻ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን በጥቂት ወራት ውስጥ ተመልሰዋል። ከእነርሱም መካከል አገሩ ላይ እረኛ መባልን ጠልቶ በምድረ በዳ የሰው ፍየል ሲጠብቅ የኖረ ጥቂት አይደለም።

ይልቅ ወደ ራሳችን ቤት እንመለስ። «በሰው ቤት ማገልገል» ብላ የጻፈችው ልጅ ማን እንደሆነች ገምቻለሁ። ከኋላ ወንበር የምትቀመጥ፣ ከገጠር መጥታ ሰው ቤት እየሠራች የምትማር ናት። አሠሪዎቿ የሚሰግዱ ሰዎች ናቸው። ክፍል የምትደርሰው ሁልጊዜ አርፍዳ ነው፤ ምሳ ሰዓት ላይ ከሌሎቹ ጋር ስትበላ አይቻት አላውቅም። አቡ ዘር (ረ.ዐ.) ባስተላለፉት ሐዲስ አገልጋዮቻችን ወንድሞቻችን እንደሆኑ፣ ከምንበላው እንድናበላቸው፣ ከምንለብሰው እንድናለብሳቸው፣ ከአቅማቸው በላይ እንዳናዛቸው፣ ካዘዝንም እንድናግዛቸው ታዘናል። እናቶችና እህቶች፣ ይህን የምታነቡት ምናልባት ልጅቷ ቡና እያፈላችላችሁ ሳለ ይሆናል። የሥራውን ክፋት የሚወስነው ወጥ ቤቱ ነው ወይስ እናንተ?

መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት ሽማግሌውን ለምኜ ወደ ክፍል አመጣኋቸው። ጥጥ፣ የተፈተለ ማግና መወርወሪያቸውን ይዘው መጡ። ተማሪው መጀመሪያ ተሳሳቀ፤ ከዚያ ስለ ኮረም ሲነግሯቸው ዝም አለ። መወርወሪያው ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር አብዛኛው ልጅ ገልብጦ አይቶ ለቀጣዩ አሳለፈ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጠ አንድ ልጅ ግን ቀሰሙን አስተካክሎ አስገባና ማንም ሳያሳየው ማጉን በቀዳዳው አሾልኮ አወጣው። የዚያ ወረቀት ጸሐፊ እርሱ ይሁን አይሁን አልጠየቅሁም። ሽማግሌው ግን አይተውታል።

«አባትህ ማነው አንተ?» አሉት።

ነገራቸው።

«አውቀዋለሁ» አሉ። «ድሩ የጠበቀ ነው።»